በገበሬ ማሳ ጠርዝ የሚያልፍ የእግር ጉዞ፦ በጎንደር ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብለው በእግር የሚጓዙ፣ እንግዳ የሚያስጎበኙና መንገዱ በመሬታቸው የሚያልፍባቸው ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ነው።

መሬቱ የመንግሥት ነው። ታዲያ ገበሬውን ለምን አስፈቅዳለሁ?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ብዙ ሰው ማንበብ የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ዝቅ ሲባል ግን ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ተጽፏል። በጉልበቱና በገንዘቡ መሬቱ ላይ ያፈራው ነገርም የራሱ ነው። የተከለው ባሕር ዛፍ፣ የካበው ድንጋይ፣ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የዘራው ጤፍ የመንግሥት አይደለም።

ስለዚህ እዚህ አገር «ባለመሬት» ስንል ባለይዞታ ማለታችን ነው። ማስረጃውም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው የይዞታ ደብተር ነው። በአማራ ክልል ባልና ሚስት አብረው የያዙት መሬት ከሆነ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም ይሰፍራል። ይህን አትርሱት፤ ፊርማ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

በእግር ማለፍ ብቻውን ፈቃድ ይፈልጋል?

በድሮው መንገድ ከሆነ አይፈልግም። የገበያ መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን መንገድ፣ ወደ ውኃ የሚወርድ መንገድ፣ የከብት መንገድ ሁልጊዜም ያሉ ናቸው። «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ማለፍ በቂ ነው። የጎንደር ገጠር መንገደኛን በማባረር አይታማም። እንዲያውም በእሸት ጊዜ መንገደኛ ከዳር ላይ ሁለት ሦስት ዘለላ ሽንብራ ነቅሎ ቢበላ ማንም አይቆጣውም።

ነገሩ የሚለወጠው ቁጥር ሲበዛና ብር ሲገባበት ነው። አንድ ሰው እሸት ቢነቅል ወግ ነው። አርባ ሰው ቢነቅል አንበጣ ነው። አስጎብኚ በየሳምንቱ እንግዳ ይዞ በዚያው ማሳ ጠርዝ የሚያልፍ ከሆነ እንግድነቱ ቀርቶ ሥራ ሆኗል። ሥራ ደግሞ ስምምነት ይፈልጋል።

አሁን ባለው ሁኔታ ከከተማ መውጣት ይቻላል?

ይህን ከጽሑፍ ላይ አትፈልጉ። ሁኔታው በሳምንት፣ አንዳንዴም በቀን ይለዋወጣል። ወደምትሄዱበት ቀበሌ፣ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። የደባርቅና የጎርጎራ መስመር ሹፌሮችንም ጠይቁ፤ እነሱ ከማንም ቀድመው ይሰማሉ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። መንገዱ የትም አይሄድም።

የትኛው ወቅት ነው ከገበሬ የማያጋጨው?

ከጥር እስከ ግንቦት። እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል። በብዙ ቦታ ከአጨዳ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት መሰማሪያ ስለሚሆን የሰው እግር ብዙም አይቆጠርም። ችግሩ እኛ መውጣት የምንወደው በሌላ ጊዜ መሆኑ ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ኮሶዬ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍና ቆላው ሲታይ፣ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን። መስከረምና ጥቅምት ማለት ነው። ያኔ ደግሞ የገበሬው የዓመት ልፋት መሬት ላይ ነው።

እኔም የተማርኩት በስሕተት ነው። አንድ መስከረም ሠላሳ ያህል ሆነን በደምቢያ በኩል ስንሄድ መረሬው፣ ያ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር፣ ገና እርጥብ ነበር። ጭቃውን ለመሸሽ እያንዳንዳችን በጎን በጎን ወጣን። አንዱ መንገድ ሦስት ሆነ፤ ሦስተኛው የሽንብራ ቡቃያ ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። አልጮኹም። «ልጆቼ፣ እግር እንኳ መሬት አይጎዳም፤ ጫማችሁ ነው የሚጎዳው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ውኃ የጠጣ መረሬ አንዴ በጫማ ከተረገጠ ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ቡቃያ አያሳልፍም። አረፍ ብለን «ታዲያ በየት እንሂድ?» አልናቸው። በቦዩ ጠርዝ የሚዞር፣ ሃያ ደቂቃ የሚያስረዝም መንገድ አሳዩን። ያ መንገድ አሁንም የምንሄድበት ነው።

በዝናብ ወቅት መሄድ ካለባችሁ ሁለት ነገር ያዙ። ጭቃው ውስጥ ግቡ እንጂ ጭቃውን አትዙሩት፤ ጫማ ይታጠባል። እርከንን ደግሞ በጎኑ አትውረዱበት። ከእርከን ላይ አንድ ድንጋይ ተንከባሎ ከወደቀ ቀጣዩ ክረምት በዚያች ቀዳዳ ቦረቦር ይጀምራል። ያንን እርከን የአካባቢው ሰው በየዓመቱ ከእህል ስብሰባ በኋላ በዘመቻ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራው ነው።

መጀመሪያ ማንን ነው የማናግረው?

ገበሬውን። ከዚያ ቀበሌውን። ከዚያ ወረዳውን። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ከወረዳ ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ያጽፋል፣ ማኅተም ያስመታል፣ በባጃጅ ቀበሌ ይደርሳል፣ ከሊቀ መንበሩ ጋር ማሳ ላይ ይገኛል። ገበሬው ያንን ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ «ሊለኩብኝ ነው።» ከዚያ በኋላ ምንም ብትሉት አይሰማችሁም። ቢፈርም እንኳ የፈረመው ፈርቶ ነው።

ለንግግር የሚመቸው ቀን የበዓል ቀን ነው። በወሩ በ12፣ በ21፣ በ27 ገበሬው አይጠምድም። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ማኅበርም ካለ እዚያው ነው። ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ለመናገር ሳትቸኩሉ፣ ጠላ ከተቀዳላችሁ ቀምሳችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ ካለ በእሱ በኩል ይሁን። ስለ መንገዱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እናንተ ካርታ ላይ ያያችሁት ቀጥ ያለ መስመር የማን ቀፎ አጠገብ እንደሚያልፍ ካርታው አይነግራችሁም።

በቀበሌ ደረጃ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አለ። ይዞታው የማን እንደሆነና ወሰኑ የት እንደሆነ የሚመሰክረው እሱ ነው። የግብርና ባለሙያውም አይዘለል። የተፋሰስ ሥራ የት እንደተሠራ፣ የትኛው ተራራ ከከብት እንደተከለለ እሱ ያውቃል። ወረዳው የሚመጣው ሁሉም ከተስማማ በኋላ፣ ስምምነቱን አይቶ ማኅተም ሊያደርግ ነው።

የወል መሬትና የተከለለ ተራራ ላይስ?

የወል መሬት «የማንም አይደለም» ማለት አይደለም። የመንደሩ ሁሉ ነው። አንድ ሰው ፈቅዶላችሁ ከሆነ ገና ማንም አልፈቀደላችሁም። የሚያስፈልገው ተጠቃሚዎቹ ተሰብስበው የተስማሙበት ቃለ ጉባኤ ነው።

የተከለለ ተራራ ጥንቃቄው ይበልጣል። ሣሩ እንዲያገግም ተብሎ ከብት የተከለከለበት ቦታ ነው። የመንደሩ ልጅ ፍየሉን ይዞ ሲገባ ይቀጣል። እናንተ ካሜራ ይዛችሁ በሰፊው ስትገቡ ያ ልጅ ምን ይላል? የአካባቢው ውስጠ ደንብ ምን እንደሚል ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በአንድ የታወቀ መስመር ከጠባቂ ጋር ማለፍ ይፈቀዳል።

የቤተ ክርስቲያን ደንስ?

የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ። በጎንደርም በደቡብ ጎንደርም የቀረው አገር በቀል ዛፍ አብዛኛው ያለው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው። በደብረ ታቦር አካባቢ ቤተ ክርስቲያናት ደናቸውን ከከብት ለመጠበቅ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል። ድንጋዩን የለቀሙት ገበሬዎች ከማሳቸው ነው፤ ማሳው ጠራ፣ ደኑም ተጠበቀ። እንዲህ ያለ ካብ ስታዩ በሩን ፈልጉ እንጂ አትዝለሉት።

በቅዳሴ ሰዓት ድምፅ አታሰሙ። ዘፈን አትክፈቱ። ድሮን ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ፣ ከዚያ አታስነሱ።

ስሜን ተራሮች ላይስ ነገሩ ያው ነው?

አይደለም። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የራሱ ሕግና አስተዳደር አለው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ደባርቅ ትመዘገባላችሁ፣ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይመደብላችኋል። አስጎብኚውም፣ የበቅሎ ባለቤቱም በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ይህ የተራ አሠራር ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። ሥራው ለአንድ አፈ ጮሌ አይሄድም፤ ለሁሉም ይደርሳል።

ስሜን ሌላም ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የወጣው በ2017 ነው። በመሃሉ ብዙ ነገር ሆኗል። ከሁሉ የከበደው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። ከ400 በላይ አባወራዎች ናቸው። ተራራው ትንፋሽ አግኝቷል፤ ዋልያውም ቀይ ቀበሮውም ጥበቃ ይፈልጋሉ። ግን ደጋ ላይ ገብስ ሲያርስ የኖረ ሰው ከተማ ዳር ኑሮን ከዜሮ ሲጀምር ቀላል አይደለም። በጎንደር ዙሪያ ያለ ገበሬ ይህን ሰምቷል። «ቱሪስት ሊመጣ ነው» ስትሉት ግጭ ትዝ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ንገሩት፦ መንገዱ ማለፊያ ብቻ ነው፣ ይዞታው ካንተ አይወጣም።

ሌላ አገር እንዴት አድርገውታል?

ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ እንግሊዝ ናት። እዚያ መሬት የግል ነው፤ ሰፋፊ ኮረብታዎች የጥቂት ባለርስቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጓዦች ኪንደር ስካውት ወደሚባል የተከለከለ ኮረብታ ሆን ብለው ወጡ። አምስቱ ታሰሩ። በ1949 ሕግ ወጣ፤ የአካባቢ አስተዳደሮች ከባለመሬቶች ጋር የመግቢያ ስምምነት እንዲፈራረሙ ፈቀደ። ባለመሬቱ ሰው እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ አስተዳደሩ ደግሞ ካሣ ይከፍላል፣ ጠባቂ ይመድባል፣ ደንብ ያወጣል። ኪንደር ስካውት ያለበት የፒክ ዲስትሪክት በ1951 የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ስምምነቶቹም እዚያ ሥራ ላይ ዋሉ። በ2000 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ ባልታረሰ ተራራና በዱር ሜዳ ላይ በእግር የመሄድ መብት ሰጠ። እርሻ ማሳ ግን እዚያ ውስጥ የለም።

የስዊድን ልማድ ከዚህም ይለያል። እዚያ በሰው ደን ውስጥ ማለፍ የሁሉም መብት ነው፣ ግን ግቢና ቡቃያ ላይ አይገባም። ከሁለቱም የምወስደው አንድ ነገር ነው። ነጻነቱ የትም ቢሰፋ፣ የተዘራ ማሳ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ስምምነቱ ላይ ምን ይጻፍ?

አጭር ይሁን። ከሁለት ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም። ማንበብ ለማይችልም ጮክ ተብሎ ይነበብ።

መንገዱ ይገለጽ፤ ግን በካርታ ቁጥር ብቻ አይደለም። «ከትልቁ ሾላ ተነሥቶ፣ በቦዩ በስተቀኝ፣ በእነ እከሌ የገብስ ማሳ ጠርዝ፣ እስከ ምንጩ» ተብሎ ይጻፍ። ወርዱ ይጻፍ፤ አንድ ክንድ ከስንዝር ከተባለ እሱው ነው። ወቅቱ ይጻፍ፦ ከስንት እስከ ስንት ወር ክፍት ነው፣ በዘርና በአጨዳ ጊዜ በየት ይዞራል። በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ሰው ብዛት ይጻፍ። ከእኛ ልምድ ከ15 በላይ ሲሆን መሪው ወረፋውን መቆጣጠር ያቅተዋል።

የማን ሥራ ምን እንደሆነ ይለይ። ምልክት የሚቀባው ማነው? በክረምት የተሸረሸረውን ማን ይጠግናል? ቆሻሻ ማን ያነሣል? እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቶች «በጋራ» የምትል ቃል ይወዳሉ። በጋራ ተብሎ የተጻፈ ሥራ ማንም አይሠራውም። «ጥገናው በየካቲት ወር፣ በወረዳው ወጪ፣ በመንደሩ ሰው ጉልበት» ተብሎ ይለይ።

ስምምነቱ የጊዜ ገደብ ይኑረው። አንድ ዓመት ሞክሮ ማየት ጥሩ ነው። ገበሬው ደስ ካላለው የሚወጣበት መንገድም ይጻፍ፤ ለምሳሌ የሁለት ወር ማስታወቂያ። «ታዲያ ነገ ቢያቋርጠንስ?» ትላላችሁ። መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ለመግባት አይፈራም። እስካሁን ያየሁት ይህንን ነው።

ፊርማው የባልም የሚስትም ይሁን። ባል ፈርሞ ሚስት ሳትሰማ የቀረችበት ስምምነት አውቃለሁ። ጓሮ የምትውለው እሷ ነበረች፤ መንገዱም በጓሮ ነበር። ሁለት ወር አልቆየም።

ስንት ይከፈላል? ለማንስ?

ዋጋ አልነግራችሁም፤ ዋጋው የሚወጣው እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ስለ አከፋፈሉ ግን ጠንካራ ሐሳብ አለኝ። መንገድ ላይ፣ በእጅ፣ ላገኙት ሰው መስጠት ከሁሉም የከፋ ነው። ዛሬ ለአንዱ ከሰጣችሁ ነገ አምስት ሰው ይቆማል፤ ከነገ ወዲያ ገመድ ይዘረጋል።

የተሻለው ሁለት ቦታ መክፈል ነው። ማሳቸው ለሚነካው ባለይዞታዎች በዓመት አንዴ፣ ሁሉም ባሉበት፣ በስም ዝርዝር። ለመንደሩ ደግሞ ከየቡድኑ ለጋራ ሣጥን። ሣጥኑ ምን ላይ እንደሚውል መንደሩ ይወስን፤ ምንጭ ማጎልበት ይሁን የትምህርት ቤት ጣሪያ። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነበብ። በሕዝብ ፊት የሚነበብ ሒሳብ ሲጎድል ወዲያው ይታወቃል።

እውነቱን ለመናገር ግን ገበሬውን የሚጠቅመው የማለፊያ ክፍያው አይደለም። ቡና ነው። መንገድ ዳር ያለ አንድ ቤት ቡና አፍልቶ፣ ቆሎ አቅርቦ፣ ትኩስ እንጀራ በሽሮ ቢያበላ ከዚያ የሚያገኘው ይበልጣል። በሰሜን ወሎ መቄት ላይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የሠሩት ይህን የሚመስል ነው። ማኅበረሰቡ ራሱ የእንግዳ ማረፊያ ሠራ፤ ተጓዡ ከአንዱ ወደ አንዱ በእግሩ ይሄዳል፤ እንግዳ የሚቀበለው፣ የሚያበስለው፣ አህያ የሚጭነው የመንደሩ ሰው ነው። የጎንደር ዙሪያ ከዚያ የሚያንስ መልክዓ ምድር የለውም።

ልጆች ተከትለው «ብር፣ እስክሪብቶ» ሲሉስ?

አትስጡ። ትምህርት ቤቱን ጠይቃችሁ ለዚያ ስጡ። በትምህርት ሰዓት ተጓዥ የሚከተል ልጅ የእናንተ ጥፋት ነው፤ የእሱ አይደለም። ሰላም በሉት፣ ስሙን ጠይቁት፣ ቀጥሉ።

እንግዳ ገደል ቢገባ ወይም ውሻ ቢነክሰው ማነው ተጠያቂው?

ገበሬዎች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ይህን ነው። «ፈረንጁ ቢወድቅ እኔ ልታሰር ነው?» ይላሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይክሳል ይላል። ሰው በራሱ እግር ሄዶ ገደል ጫፍ ላይ ፎቶ ሲነሣ ቢንሸራተት፣ ባለይዞታው ምን አጠፋ? ይሁንና ፍርሃቱ የሚወጣው በማብራሪያ ሳይሆን በጽሑፍ ነው። ጉብኝቱን የሚያዘጋጀው ወገን የእንግዶቹን ደኅንነት እንደሚወስድ ስምምነቱ ላይ ይስፈር። አዘጋጁም የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና የሚሠራ ስልክ ይያዝ።

ውሻ ግን ሌላ ነው። በዚያው ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ አምልጦት ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ቡድን ሲመጣ ቀድሞ መደወል ለሁለቱም ይበጃል። ገበሬው ውሻውን ያስራል፣ እናንተም ድንጋይ አታነሡም። በእኔ ግምት በጎንደር ገጠር ካለው አደጋ ግማሹ ውሻ ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ጸበል ብቻ ብሎ መቅረት የለበትም፤ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁሉም ተስማምቶ አንድ ገበሬ እምቢ ቢልስ?

ዙሩት። ከዚያ በፊት ግን ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አንዱን የጎረቤት ወሰን ክርክር ይዞታል፤ መንገድ ከተቀየሰ «ወሰኑ ይሄ ነው» ይባልብኛል ብሎ ይሰጋል። ሌላው ቀፎ አለው፤ ንቡ ሰው አይወድም። ሌላው ደግሞ ድሮ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ቃል ገብቶለት ጠፍቷል። እያንዳንዱ የራሱ መልስ አለው።

አንዳንድ ሹም «ለሕዝብ ጥቅም እኮ ነው፣ እናስለቅቀዋለን» ይላል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሣ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ፤ ግን የራሱ ሥርዓት፣ ማስታወቂያና ካሣ አለው። ለአንድ የእግር መንገድ ያንን አዋጅ መጥራት ራሱ መንደሩን ሁሉ ያስበረግጋል። መቶ ሜትር ለማሳጠር አሥር ዓመት መተማመንን አታበላሹ።

መሬቱን በእኩል የሚያርሰው ሌላ ሰው ከሆነ ወይም ባለይዞታው ቢሞት?

ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደብተሩ የአንድ ባልቴት ነው፤ የሚያርሰው ግን ጎረቤቷ በእኩል ነው። መንገዱ የሚነካው ሰብል የሁለቱም ነው። ሁለቱም ይፈርሙ። መሬቱ ከተከራየም ተከራዩ ይጨመር። ወራሽ ሲመጣ ስምምነቱ እንደገና ይነበብለት፤ «አባትህ ፈርሟል» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ መተላለፊያ የማግኘት መብት አለ፤ ያ ግን አንድ ባለመሬት ወደ መሬቱ በጎረቤቱ መሬት እንዲያልፍ እንጂ ለተጓዥ ቡድን የታሰበ አይደለም።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያስፈረመን ሰው ተቀየረ። አዲሱ «አላውቅም» ይላል። ምን ይሻላል?

እኛም ደርሶብናል። ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። አዲሱ ባለሙያ ፋይሉን ፈለገ፣ የለም። እኛም ኮፒ አልያዝንም ነበር፤ ስልካችን ላይ ያለው ፎቶ አይነበብም። ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ሊጀመር ሆነ። በመጨረሻ ያዳነን አንዱ ገበሬ ነው። ከአልጋው ሥር ሳጥን ጎትቶ፣ ከይዞታ ደብተሩ ጋር በፌስታል የተጠቀለለ የራሱን ኮፒ አወጣ። ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ቀላል ነው። ስምምነቱ በስንት ወገን ተፈርሞ ከሆነ በዚያው ልክ ኦሪጅናል ይኖራል። የደብዳቤው ወጪ ቁጥርና ቀን በሁሉም ላይ ይጻፋል። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አይደለም። አንዱ ቀበሌ፣ አንዱ ገበሬው ቤት። ስምምነቱም ከ«አቶ እከሌ» ጋር ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ነው የሚጻፈው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥር ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ ሁሉም መንገዱን አብረው ይሂዱት። አዲስ የተመደበ ሰው ካለ የዚያን ቀን ያውቃል። ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የማይነሣ ችግር እግር ላይ ይነሣል፤ «ይቺን ድንጋይ እዩዋት» ይላል አንዱ።

ባለሀብት ሎጅ ሊሠራ ቦታ ወስዶ ነባሩን መንገድ አጠረው። መብት አለን?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ወደፊትም የሚበዛ ይመስለኛል። ጥሩ እይታ ያለው ጉብታና የጣና ዳርቻ ሁሉም የሚፈልገው ነው። ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከታቀፉት ሦስት ቦታዎች አንዱ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የአካባቢው ስም ገንኗል። ጣና ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። ይህ ማለት ሰው እየኖረበት፣ እያረሰና ዓሣ እያጠመደ የሚጠበቅ ቦታ ነው ማለት ነው።

አጥሩ ከተተከለ በኋላ መከራከር ረጅም ነው። ቀድሞ የገበያ፣ የውኃ ወይም የቤተ ክርስቲያን መንገድ እንደነበረ ሽማግሌዎች መስክረው በቀበሌ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከዚያ ቦታውን ለሰጠው አካል በጽሑፍ ይቅረብ፤ ለባለሀብቱ ብቻ ሳይሆን። ውሉ ውስጥ ያለውን እሱ ነው የሚያውቀው። ብዙ ጊዜ ባለሀብቱ ራሱ መንገዱ መኖሩን አያውቅም፤ ባዶ ቦታ ተብሎ ነው የተሰጠው። እንዲህ ያለውን ሰው በጠበቃ ከመጀመር በቡና መጀመር ይሻላል። በአጥሩ ዳር ሁለት ሜትር ቢተው እንግዶቹም በዚያው ይወጣሉ፣ ሴቶቹም እንስራቸውን ተሸክመው በዚያው ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ቦታው ከመሰጠቱ በፊት መድረስ ነው። በመንደራችሁ የምታውቋቸውን የእግር መንገዶች አሁኑኑ በቀበሌው መሬት ኮሚቴ መዝገብ ላይ አስጽፉ። ስማቸው ይጻፍ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ ይጻፍ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ጸሐፊና ከሰዓት በኋላ ነጻ የሆነ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። የመጨረሻውን ማግኘት ትንሽ ያስቸግራል።